ለሚንቀረፈፍ ኮምፒውተር ምን ይሻላል? ኤስኤስዲ፣ ራም ወይስ ሌላ ላፕቶፕ

ጅማ ውስጥ ኮምፒውተሩ ስታክ እያደረገ ያስቸገረው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር "ፎርማት አስደርገው" ነው። ቀጥሎ "ራም ጨምርበት" ይሉታል፤ ራም የተከፈቱ ፕሮግራሞች ለጊዜው የሚቀመጡበት ሜሞሪ ነው። ሁለቱም ምክሮች የሚሠሩበት ጊዜ አለ። ግን መርካቶ ወርዳችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ እዩ።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ከዚያ የየዕለት ሥራችሁን ሥሩ፤ ክሮም ክፈቱ፣ ወርድ ክፈቱ፣ ከፍላሽ ፋይል ኮፒ አድርጉ። መንቀርፈፍ ሲጀምር የትኛው ቁጥር ነው ጣሪያ የሚነካው? ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ሜሞሪ (ራሙ) ወይስ ዲስክ (ፋይል የሚቀመጥበት)? የምትገዙትን የሚወስነው ይህ ነው። የሚቆራረጠው ዩቲዩብ ብቻ ሆኖ ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ደግሞ ኔትወርኩን ጠርጥሩ። ለእሱ ራምም ሆነ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ አይረዳም።

ኤስኤስዲ ወይስ ራም?

ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ ከቀረና ማሽኑ ሃርድ ዲስክ ያለው ከሆነ እኔ ሳላመነታ ኤስኤስዲ እላለሁ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። የላፕቶፖቹ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ዙር ነው። አንድ ትልቅ ፊልም ሲያነብ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ይሄዳል። ዊንዶውስ ግን ሲነሳም ሆነ ፕሮግራም ሲከፍት የሚፈልገው እዚህም እዚያም የተበተኑ ብዙ ትናንሽ ፋይሎችን ነው። ማንበቢያው ከቦታ ቦታ ሲመላለስ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 1 ሜጋባይት፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ማውዙ የሚደርቀው፣ መስኮቱ የሚነጣው ያኔ ነው።

ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ተራው የሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል። ከዚህ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ትናንሾቹን ፋይሎች ወዲያው ማግኘቱ ነው። ላፕቶፑን በባጃጅ ይዞ ካምፓስ ለሚመላለስ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ መንገጫገጭን መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ለመብራት መጥፋት ግን መፍትሔ አይደለም። ሴቭ ያልተደረገ ሥራ በኤስኤስዲም ይጠፋል። ዴስክቶፕ ያላችሁ ዩፒኤሱን፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን ባትሪ፣ አትርሱት።

ራምስ? ሜሞሪው 90 በመቶ ካለፈ እጥረት አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጥ የዲስኩም ቁጥር አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱን አብራችሁ አንብቡ። 4 ጊጋ ራምና ሃርድ ዲስክ ካላችሁ፣ ገንዘቡም ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ ኤስኤስዲውን አስቀድሙ። ኤስኤስዲ ቀድሞም ካለና ራሙ 4 ጊጋ ከሆነ ወደ 8 አሳድጉ። ለወርድ፣ ለኤክሴልና ለክሮም ከ8 ወደ 16 መሄድ ግን ብዙም ለውጥ አያሳያችሁም።

ራም ስትገዙ አሮጌውን አስነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ዲዲአር 3 የሚባለው የራም ዓይነት በዲዲአር 4 ቦታ አይገባም። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራማቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ጭራሽ አይጨመርባቸውም። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ ኤስኤስዲም ቢሆን ማስገቢያው ከሌለ አይሠራም። ለየዕለት ሥራ ከሳታው የሚለይበትን ፍጥነት ለማስተዋልም ያስቸግራል፤ የዋጋ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ሳታው ይበቃል።

ማጽዳት

ማሽኑ ሲከፈት ደህና ሆኖ፣ ቆይቶ ፋኑ እየጮኸ የሚደክም ከሆነ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የበጋው አቧራ ፋኑን ይደፍነዋል። አስጠርጉት፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱንም አስቀይሩ። ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው።

ወይስ ሌላ ላፕቶፕ?

ጣሪያ የሚነካው ሲፒዩው ከሆነ ወይም ማሽኑ ካረጀ የፕሮሰሰሩን ቁጥር እዩ። ኮር አይ 5-4300 አራተኛ ትውልድ ነው፣ 8250 ደግሞ ስምንተኛ። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጀምሮ ያለውን ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ፣ ማለትም የደኅንነት ማሻሻያውን፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ጽሑፍና ሒሳብ ብቻ ለሚሠራ ሰው አራተኛ ትውልድ ማሽን በኤስኤስዲ ገና ያገለግላል። በኢንተርኔት ባንክ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ብሩን አጠራቅማችሁ ስምንተኛና ከዚያ በላይ የሆነ ዩዝድ መግዛት ይሻላል።

ዩዝዱን ስትመርጡ "ኮር አይ 7 ነው" በሚል ቃል አትሸነፉ። ለየዕለት ሥራ ኤስኤስዲ ያለው አይ 3፣ ሃርድ ዲስክ ካለው አይ 7 ቀልጠፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ሱቁ ውስጥ አስከፍቱት፣ ታስክ ማናጀሩን እዚያው እዩ።

የኤስኤስዲ መጠን 256 ጊጋ ለብዙ ሰው ይበቃል። 120ው ቶሎ ይሞላል፣ ሲሞላ ደግሞ ራሱ መንቀርፈፍ ይጀምራል። በ256ቱ ዋጋ "2 ቴራ" የሚላችሁ ካለ አትግዙ፣ ፎርጅድ ነው።

ሃርድ ዲስኩ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካለው ግን ከምንም በፊት የመመረቂያ ጽሑፋችሁንና ፎቶአችሁን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ኤስኤስዲ ካስገባችሁም በኋላ አሮጌውን ዲስክ ጥገና ቤት ትታችሁ አትውጡ። ፋይላችሁ ሁሉ አሁንም እሱ ላይ ነው።