«መጀመሪያ ትራንስክሪፕቱን አምጪ» ላሉን ጋሼ

ሰላም ወገኖቼ። ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ያዘገየኝ ልጄ በቅርጫት ኳስ ኮሌጅ እንዲገባ የረዱን፣ የማመሰግናቸው ሰው «ስሜን አደባባይ እንዳታወጪው» ስላሉኝ ነው። ቃላቸውን አከብራለሁ፣ ስማቸውን አልጠራም። ልጆቹ «ኮች» ይሏቸዋል፣ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ልጅ ያላችሁ አንዳንዶቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። እኔ የምጽፈው ለማታውቋቸው ነው።

ልጄ አሜሪካ የገባው በ13 ዓመቱ፣ በ2020 ጃንዋሪ ነው። ዲቪ ደርሶን ነው የመጣነው። ገና ሳንላመድ ኮቪድ መጣ። 9ኛ ክፍልን የጀመረው ቤት ውስጥ፣ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጦ ነው። እንግሊዝኛው ስላልጠነከረ ኢሶል ክፍል አስገቡት፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ልጆች የሚሰጥ ትምህርት ነው። ይቺን ኢሶል ልብ በሏት፣ ኋላ እመለስባታለሁ። እኛ ቤት ኳስ ከተባለ እግር ኳስ ነው። ልጁ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ተመዘዘና ስድስት ጫማ ከአራት ኢንች ሆነ። የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ አይተው ወደ ቅርጫት ኳስ ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ።

12ኛ ክፍል እያለ፣ በ2023 ኖቬምበር፣ አንድ ሰው ከሌላ ስቴት ደወለልኝ። የልጄን ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ አይቶ ነው። «ልጅሽ ዲቪዥን ዋን ነው፣ የሚጎድለው አንድ ዓመት ብቻ ነው» አለኝ። የኮሌጅ ስፖርት ሦስት ደረጃ አለው፣ ዲቪዥን ዋን ከላይ፣ ዲቪዥን ቱ መሃል፣ ዲቪዥን ስሪ ከታች። ፖስት ግራድ የሚባለውን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ባጭሩ ፒጂ ይሉታል። ልጁ ሃይስኩል ይጨርስና ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት አንድ ዓመት እየተማረ፣ እየተጫወተ፣ ለኮሌጅ አሰልጣኞች እየታየ ይቆያል። ሰውየው ሁሉን ነገር አሳመረው። በቀን ሁለት ጊዜ ልምምድ፣ አርባ ጨዋታ፣ መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት በኦንላይን። ክፍያው 28 ሺህ ዶላር። ቦታው እንዳያመልጠን ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ 3 ሺህ ዶላር ዲፖዚት።

ሦስት ሺው ነበረን። የእቁብ ዕጣችን የወጣው በዚያው ሳምንት ነበር። እኔም ባለቤቴም «እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው» አልን። ልጄማ ሌሊቱን አልተኛም።

ገንዘቡን ልልክ ስል ነው አንዲት የቤተክርስቲያን እህቴ «ከመላክሽ በፊት ጋሼን አናግሪያቸው» ያለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ልጆች የሚያሰለጥኑበት ጂም ሄድን። ስልኬን አወጣሁና የልጄን ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። አላዩትም። «እህቴ፣ ቪዲዮውን በኋላ አየዋለሁ። መጀመሪያ ትራንስክሪፕቱን አምጪ» አሉኝ። የሃይስኩል ኮርሶቹና ውጤቱ የተዘረዘሩበትን ወረቀት ማለታቸው ነው። ይዤ አልሄድኩም። ማን ለኳስ ትራንስክሪፕት ይዞ ይሄዳል?

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ይዘን ተመለስን። መነጽራቸውን አደረጉ፣ እርሳስ አወጡ፣ እያንዳንዷን ኮርስ ምልክት እያደረጉ ወረዱ። ያን ቀን የገባኝን ለእናንተም ልንገራችሁ፣ ብዙ ወላጅ አያውቀውም።

የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ልጁ ዲቪዥን ዋን ወይም ዲቪዥን ቱ እንዲጫወት 16 ኮር ኮርሶች፣ ማለትም ዋና ዋና የቀለም ትምህርቶች፣ ይጠይቃል። ለዲቪዥን ዋን 4 እንግሊዝኛ፣ 3 ሒሳብ ከአልጀብራ ዋን ጀምሮ፣ 2 ሳይንስ፣ ከእነዚሁ አንድ ተጨማሪ፣ 2 ሶሻል፣ ከዚያ 4 ሌሎች። ውጤቱ የሚሰላው በእነዚህ ብቻ ነው። ለዲቪዥን ዋን ቢያንስ 2.3፣ ለዲቪዥን ቱ 2.2። በጂም ክፍልና በምግብ ዝግጅት ያመጣው ኤ እዚህ ውስጥ የለም። ለዲቪዥን ዋን ደግሞ ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው። ከ10ሩ ሰባቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ መሆን አለባቸው። የኤስኤቲ፣ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናው፣ ውጤት ግን ከ2023 ጀምሮ ለዚህ አይጠየቅም።

የልጄ 9ኛ ክፍል ኢሶል አልተቆጠረለትም። እንግሊዝኛ ተማረ ብዬ ሦስት ዓመት የተኛሁበት ነገር ነው። ጋሼ ቆጠሩ፣ እንደገና ቆጠሩ። ሰኔ ላይ ሲመረቅ የሚኖሩት 15 ናቸው። አንድ ይጎድላል።

እኔ «እንግዲያው ፒጂው ያሟላለታል» አልኩ። «አንድ ብቻ ከሆነ ያሟላል» አሉ። በሰዓቱ የተመረቀ ልጅ ከምረቃው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለዲቪዥን ዋን የሚቆጠርለት አንድ ተጨማሪ ኮር ኮርስ ነው። ለዲቪዥን ዋን ሁለት የጎደለው ልጅ በፒጂ ዓመት አይድንም። ውጤቱ የወደቀ ልጅም ዓመቱን ሙሉ ቢማር ለዲቪዥን ዋን በዚያች በአንዷ ኮርስ ያህል ነው ከፍ የሚለው። «ፒጂ ግባ፣ ውጤትህ ይስተካከላል» የሚባሉ ልጆች አሉ፣ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው የሚያውቁት። የልጄ አንድ ኮርስ መጉደሏን ያገኙልን ኖቬምበር ላይ መሆኑ ነው ያዳነን።

ከዚያ የደወለልኝን ሰው ፕሮግራም ስም ጠየቁኝ። የኤንሲኤኤ ድረ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የትኞቹ ኮርሶቹ እንደጸደቁለት የሚያሳይ ዝርዝር አለ። ማንም ከፍቶ ያያል፣ ክፍያ የለውም። ፈለጉት፣ የለም። በሌላ አጻጻፍ ፈለጉት፣ የለም። ያ ማለት ልጄ እዚያ ዓመት ሙሉ ኦንላይን ቢማር የጎደለችው አንዷ ኮርስ እንኳን አትሞላም ነበር። 28 ሺህ ዶላር ከፍለን። እጄ ተንቀጠቀጠ።

ከዚህ በኋላ ነው ቪዲዮውን ያዩት። ሁለት ጊዜ አዩት። ልጄን አጠገባቸው አስቀመጡትና «እውነቱን ልንገርህ ወይስ ደስ የሚልህን?» አሉት። «እውነቱን» አለ። ቁርጡን ነገሩት። ዲቪዥን ዋን አይደለህም፣ ቢያንስ ዛሬ አይደለህም። ቁመትህ አዲስ ነው፣ እግርህ ገና አልጠነከረም፣ በግራ እጅህ አትጨርስም። ዲቪዥን ቱ ግን ትደርሳለህ፣ ከሠራህ። ልጄ መኪና ውስጥ አለቀሰ። እኔም ሆዴ ባባ። ግን ከዚያ ቀን በፊት ስለ ልጄ እውነት የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ወይ አሞጋሽ ወይ ሻጭ ነበር።

ጊዜው ለምን እንደከበደም አስረዱን። ኮቪድ የነካቸው የኮሌጅ ተጫዋቾች ተጨማሪ ዓመት ተሰጥቷቸው ነበር። ከኮሌጅ ኮሌጅ መዘዋወርም ቀለለ፣ በ2024 ኤፕሪል ላይ ጭራሽ ገደቡ ተነሳ። ያን ጊዜ አንድ የዲቪዥን ዋን የወንዶች ቡድን የነበረው 13 ስኮላርሺፕ ነው። አሰልጣኙ ያንን ቦታ ለ18 ዓመት ልጅ ይስጠው ወይስ ኮሌጅ ውስጥ ሦስት ዓመት ለተጫወተ የ22 ዓመት ጎረምሳ? ብዙዎቹ ጎረምሳውን መረጡ። ከላይ የተገፋው ወደ ዲቪዥን ቱ ወረደ፣ ከዚያ የተገፋው ወደ ታች። የእኛ ልጆች ሰልፉ መጨረሻ ላይ ናቸው።

አማራጮቹን ወረቀት ላይ አሰፈሩልን። አጠገባችን ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ከቤት ይሄዳል። ግን እኛ በወሰንንበት ጊዜ በነበረው ደንብ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆኖ በተመዘገበበት ቀን አንድ የዲቪዥን ዋን ተጫዋች ለመጫወት የሚፈቀድለት የአምስት ዓመት ጊዜ መቁጠር ይጀምር ነበር። ፒጂ ከሆነ አይጀምርም ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ እንደ ፎርክ ዩኒየን እና ሃርግሬቭ ያሉ ወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ያላቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ በፒጂ የታወቁ ናቸው። ወደ ሰሜን ደግሞ የኒው ኢንግላንድ ፕሪፕ ስኩሎች፣ ልጆችን ለኮሌጅ የሚያዘጋጁ የግል ትምህርት ቤቶች። ለልጄ ኤንቢኤ የደረሰውን የዳንከን ሮቢንሰንን ነገር ያነሱለት ያን ጊዜ ነው። ሮቢንሰን የፒጂ ዓመቱን ኒው ሃምፕሻየር ፊሊፕስ ኤክስተር ነው ያሳለፈው፣ በትምህርት የሚታወቅ ቦታ። ከዚያ የገባው ዊልያምስ ነው፣ ዲቪዥን ስሪ። ከዚያ ሚሺጋን፣ ከዚያ ማያሚ ሂት። «እንደሱ ትሆናለህ እያልኩህ አይደለም» አሉት። «ዲቪዥን ስሪ የገባ ሰው አልሞተም ማለቴ ነው።»

የምንጠይቃቸውን ጥያቄዎችም እሳቸው ናቸው የሰጡን። እኔ ብሆን «ስንት ልጅ ዲቪዥን ዋን አስገባችሁ?» ብዬ እጠይቅ ነበር። እሳቸው «እሱን ሳትጠይቂ ይነግሩሻል» አሉኝ። ጠይቂ ያሉኝ ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት ብዙም ሳይጫወት አግዳሚ ላይ የቀረው ልጅ አሁን የት ነው? በልጄ ቦታ ስንት ፒጂ ይዛችኋል? ማታ ጥናት በስንት ሰዓት ነው፣ ማን አብሯቸው ይቀመጣል? የመጀመሪያውን ጥያቄ ለአራት ትምህርት ቤቶች ጠየቅኩ። ሁለቱ ተንተባተቡ። አንዱ «ደውዬ እነግርሻለሁ» አለና ጠፋ። አንደኛው ወዲያው የልጁን ኮሌጅ፣ የሚማረውን ትምህርት ሳይቀር ነገረኝ። ልጄ የገባው እዚያ ነው፣ ኒው ሃምፕሻየር።

ዋጋው ያስደነግጣል። የእንደዚህ ዓይነት አዳሪ ትምህርት ቤት ዓመታዊ ክፍያ ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ስሰማ ልነሳ ነበር። ጋሼ ግን ብዙዎቹ በቤተሰብ አቅም ልክ እርዳታ እንደሚሰጡ ያውቃሉ። ለኮሌጅ የመንግሥት እርዳታ የሚሞላው ፋፍሳ የሚባለው ፎርም እዚህ አይሠራም፣ የፌዴራል እርዳታ ለሃይስኩል ዓመት የለም። ትምህርት ቤቱ ራሱ የገቢ ፎርም አለው፣ ማመልከቻው ደግሞ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ይዘጋል። ሦስት ቅዳሜ ማታ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠው የታክስ ወረቀታችንን አንድ በአንድ አዩ። ማርች 10 መልሱ መጣ። እኛ እንድንከፍል የተጠየቅነው ያ ሰውዬ ከጠየቀን በብዙ ያነሰ ነበር።

ለዚህ ሁሉ ከእኛ የወሰዱት አንድ ጊዜ 200 ዶላር ነው። ከትምህርት ቤቶቹ ኮሚሽን ያገኙ እንደሆነ ፊት ለፊት ጠይቄያቸዋለሁ። «ካገኘሁ እንዴት እውነት እነግርሻለሁ?» አሉኝ።

ልጁን ካስገቡ በኋላም አልተዉንም። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ የኮሌጅ አሰልጣኞች ልምምድ ሊያዩ ይመጣሉ፣ ያኔ ሰውነቱ ዝግጁ እንዲሆን በጋውን በሙሉ አሠሩት። ዲሴምበር ላይ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ «እማዬ፣ ልመለስ» ብሎ ደወለልኝ። እኔ አንጀቴ አልቻለም፣ ና ልለው ነበር። ለጋሼ ነገርኳቸው። ደወሉለት። ስለ ኳስ አንድም ቃል አላነሱም አለኝ፣ «የእንግሊዝኛው ስንት ደረሰ?» ነው ያሉት። ቢ ፕላስ ነበር። ያቺ የጎደለችው አንዷ ኮርስ። ሁዳዴ ሲገባ ስለ ጾሙ ተጨንቄ ስጠይቃቸው ደግሞ ቀድመው ትምህርት ቤቱን አነጋግረው ምስርና ባቄላ እንደማይጠፋ አረጋግጠው ነበር። እኔ እናቱ ያላሰብኩትን።

በ2025 ጸደይ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ያለ አንድ ዲቪዥን ቱ ኮሌጅ ጠራው። ዲቪዥን ቱ ላይ ስኮላርሺፑ ብዙ ጊዜ ይከፋፈላል፣ ለእሱም ግማሹ በኳስ፣ ሌላው በትምህርት ውጤቱ ሆኖ መጣለት። 16ቱም ኮርሶች ተቆጥረዋል። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ልማር ይላል። የትራንስክሪፕቱን ቅጂ መጀመሪያ የላከው ለጋሼ ነው፣ ለእኔ እንኳን አይደለም።

ልትሄዱ ካሰባችሁ የማውቀውን ልንገራችሁ። ቀን ሥራ ላይ ስለሆኑ ስልክ አያነሱም፣ መልእክት ትታችሁ ጠብቁ። አይሸነግሉም፣ ልጃችሁ ሊያዝን ይችላል። 12ኛ ክፍል እስኪደርስ አትጠብቁ፣ በተለይ ኢሶል የወሰደ ልጅ ካላችሁ በ9ኛ ክፍል ሂዱ። ደንቡም ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር የእኔን ጽሁፍ ይዛችሁ አትወስኑ፣ የዚያን ዓመቱን እሳቸው ያሳዩአችኋል። ቁጥራቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄያቸዋለሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ጂሙ ውስጥ ናቸው። ቪዲዮውን ስልካችሁ ላይ ተዉትና ትራንስክሪፕቱን አትማችሁ ሂዱ።