ኩቤስ የተባለውን ስርዓተ ክወና ከመጫኑ በፊት ላፕቶፔን ለመረመረልኝ የአዳማ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በአዳማ ከተማ ፖስታ ቤት አካባቢ ያገለገሉ ላፕቶፖችን የሚሸጥና የሚጠግን አንድ ወጣት ባለሙያ ባለፈው ወር ስላደረገልኝ ነገር በአደባባይ ላመሰግነው እወዳለሁ። ስሙንና ስልኩን እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ ቃሉን አክብሬአለሁ፤ የሚፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ ሱቁን አመላክተዋለሁ።

ሥራዬ ጥብቅና ነው። ከማላውቃቸው ሰዎች በኢሜይል፣ በቴሌግራምና በፍላሽ የሚመጡልኝን ሰነዶች በየቀኑ እከፍታለሁ፤ የደንበኞቼ ውሎችና የክስ መዝገቦች የሚቀመጡትም በዚያው ላፕቶፕ ላይ ነው። ይህ ሲያሳስበኝ ስለቆየ ኩቤስ የተባለውን ስርዓተ ክወና ለመጠቀም ወሰንኩ። ኩቤስ ዜን በሚባል ሃይፐርቫይዘር (ክፍሎቹን ለያይቶ በሚቆጣጠር ፕሮግራም) አማካይነት አንዱን ኮምፒውተር እርስ በርሳቸው ወደማይገናኙ ክፍሎች ይከፋፍለዋል፤ አጠራጣሪ ሰነድ ለጊዜው በተፈጠረ ክፍል ውስጥ ተከፍቶ ክፍሉ ሲዘጋ አብሮ ስለሚጠፋ፣ ቫይረስ ቢኖርበት እንኳ ወደ ደንበኛዬ ፋይል የሚደርስበት መንገድ በእጅጉ ይጠብባል።

ከዚህ ቀደም በሌላ ቦታ ሊኑክስ የተባለ ስርዓተ ክወና አስጭኜ፣ ዊንዶውሱ ከጠፋ በኋላ ነው ዋይፋዩ እንደማይሠራ የተነገረኝ። ስለዚህ እዚህም "ኩቤስ ጫንልኝ" ስለው ወዲያው ፍላሽ ይሰካል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሱ ግን አስቀድሞ የጠየቀኝ ስለ ፕሮሰሰሩ ነበር። "ኮር አይ 5 ነው" አልኩት። "እሱማ ተለጣፊው ላይም ተጽፏል ጋሼ፤ እኔ የምፈልገው ከአይ 5 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ነው" አለኝ።

ነገሩ ሁሉ ያረፈው በዚያ ቁጥር ላይ ነበር። ላፕቶፔ ሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ 230 ሲሆን ፕሮሰሰሩ አይ 5-3210ኤም ሆኖ ተገኘ። ይህ ፕሮሰሰር ክፍሎቹን ለመፍጠር የሚያስፈልገው፣ ቪቲ-ኤክስ የሚባል የፕሮሰሰር ችሎታ አለው፤ ቪቲ-ዲ የሚባለው ግን የለውም። ቪቲ-ዲ እንደ ዋይፋይ ካርድ ያለ ዕቃ ከተመደበለት ክፍል ውጭ ያለውን ማህደረ ትውስታ በቀጥታ እንዳያነብ የሚከለክል አጥር መሆኑን፣ እርሱ ከሌለ በኔትወርክ በኩል የገባ አጥቂ ካርዱን ተጠቅሞ የሌሎቹን ክፍሎች ሁሉ ሊደርስባቸው እንደሚችል፣ በዚህም ምክንያት ኩቤስ 2018 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ4.0 ስሪት ጀምሮ ይህን እንደ ግዴታ እንደሚጠይቅ በትዕግሥት አስረዳኝ። "መጫንማ ይጫናል፤ ማስጠንቀቂያውን አልፈን ቀጥል ብንለው ይቀጥላል። ግን ጋሼ፣ ግቢውን አጥሮ በሩን ክፍት እንደመተው ነው" አለኝ። በዚህ ሞዴል ፕሮሰሰሩ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ቀይሮ መግጠምም አይቻልም።

በዚያች ሰዓት ከመደርደሪያው ላይ ውዱን ላፕቶፕ አውርዶ ሊያሳየኝ ይችል ነበር። እንዲያውም እኔው ራሴ ኤንቪዲያ ግራፊክስ ያለውን አንዱን አንስቼ ዋጋውን ስጠይቀው፣ በኩቤስ ላይ ኤንቪዲያ ብዙ ጊዜ ስለሚያስቸግር የኢንቴል ግራፊክስ ብቻ ያለውን ብወስድ እንደሚሻለኝ ነግሮ አስመለሰኝ። ከመጋዘን ያመጣው ሌላ ኤክስ 230 ነበር፤ ከእኔው ጎን ሲያስቀምጠው መለየት እስኪያቅተኝ ድረስ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ተለጣፊያቸው እንኳ አንድ ነው። የሁለተኛው ፕሮሰሰር ግን አይ 5-3320ኤም ስለሆነ ቪቲ-ዲ አለው።

በዚህም አላበቃም። ተጠቃሚዎች ከየማሽናቸው የላኩት ሪፖርት የተሰበሰበበትን የኩቤስ የሃርድዌር ዝርዝር ከፍቶ የባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣውን መሠረታዊ ፕሮግራም) ስሪት አስተያየ፤ ሞዴሉ በዝርዝሩ ውስጥ መገኘቱ ብቻ ዋስትና እንደማይሆን የእኔው ላፕቶፕ ምስክር ነበር። በባዮስ ውስጥም ቪቲ-ዲ ተዘግቶ ስላገኘው ከፈተው። ኩቤስ በትንሹ 6 ጊጋባይት ራም ቢጠይቅም ለሥራ የሚመከረው 16 ስለሆነ፣ የጀርባውን ክዳን ፈትቶ በሁለቱ ማስገቢያዎች ባለ 8 ባለ 8 ገጠመበት።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ሙከራው ነው። ኩቤስ እንደ ብዙዎቹ ሊኑክሶች ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚሞከር ስሪት ስለሌለው፣ የወረደው ፋይል ያልተነካካ መሆኑን በዲጂታል ፊርማው ካረጋገጠ በኋላ በራሱ የውጭ ዲስክ ላይ ጭኖ ማሽኑን ከዚያ አስነሣው። ዲስኩ ራሱ በዩኤስቢ የተሰካ ስለነበር፣ ግንኙነቱ እንዳይቋረጥ ሲል ዩኤስቢውን የሚቆጣጠረውን ክፍል ለሙከራው አልፈጠረውም። ከዚያም የሃርድዌር ሪፖርት የሚያወጣውን ትእዛዝ ሰጥቶ፣ የሚያስፈልጉት ነገሮች በሙሉ መሥራታቸውን አንድ በአንድ እየጠቆመ አሳየኝ። ዋይፋዩን አገናኘ፣ ድምፁን ሞከረ፣ ክዳኑን ዘግቶ መልሶ ከፈተ። ገንዘብ የተቀበለኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ለምርመራው የጠየቀኝ 500 ብር ሲሆን ማሽኑን ስገዛ ከዋጋው ላይ ቀነሰልኝ። ባልገዛው ኖሮ የሦስት ቀን ልፋቱ ዋጋ ያችው 500 ብር ብቻ ትሆን ነበር።

ጉድለቱንም ልናገር። ስልክ ቶሎ አያነሣም፣ ቸኩሎም አይሠራም፤ አንድ ቀን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሦስተኛውን ቀን መጠበቅ ግድ ሆነብኝ። ማሽኑም ቢሆን በአዳማ ሙቀት የቪዲዮ ስብሰባ ሲከፈትበት ማራገቢያው መጮኹን አያቆምም፤ ይህን ግን ሳልገዛው በፊት ነግሮኝ ነበር።

ወደ እርሱ የምትሄዱ ከሆነ የፕሮሰሰራችሁን ሙሉ ቁጥር ጽፋችሁ፣ ቻርጀራችሁን ይዛችሁ፣ የፋይሎቻችሁንም ቅጂ ቤት አስቀምጣችሁ ሂዱ፤ ቅጂ የሌለውን ላፕቶፕ ለሙከራም ቢሆን አይነካም። ከሰዓት በኋላ ሱቁ በደንበኛ ስለሚሞላ ጠዋት መድረሱ ይሻላል።