«የማስታወቂያ መለያን ሰርዝ»፦ አንድሮይድ ላይ ያለች ጠቃሚ ቁልፍ፣ ግን ብቻዋን አትበቃም

ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት ስልክ ሲሸጥ ሻጩ አፕ ይጭናል፣ ስክሪን ፕሮቴክተር ይለጥፋል። ጉግል ያስቀመጣትን ይህችን ቁልፍ ግን የሚነካት የለም። መነካት አለባት።

የማስታወቂያ መለያ የሚባለው አፖችና አስተዋዋቂዎች ስልካችሁን የሚለዩበት፣ 32 ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ ነው። ብዙ ነፃ አፖች ያላችሁበትን ቦታ ከዚሁ ኮድ ጋር አያይዘው ይልካሉ፤ የመረጃ ደላሎች ያንን ሰብስበው ይሸጣሉ። ከገዢዎቹ አንዱ የአሜሪካ መንግሥት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ፖሊስ የሰውን የሎኬሽን ታሪክ ከስልክ ኩባንያ ለመውሰድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል ብሎ ወስኗል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግን ተመሳሳይ መረጃ ከደላላ በገንዘብ ገዝተዋል። በ2020 ደግሞ ሙስሊም ፕሮ ከተባለው የሶላት አፕ ኤክስ ሞድ የተባለ ደላላ ሎኬሽን ይወስድ እንደነበር፣ ከደንበኞቹም መካከል የአሜሪካ ጦር ተቋራጮች እንዳሉ ጋዜጠኞች አጋለጡ፤ አፑም ከደላላው ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ።

አጠፋፉ ቀላል ነው። ሴቲንግ፣ ከዚያ ጉግል፣ ከዚያ አድስ (አንዳንዱ ስልክ ላይ «ኦል ሰርቪስስ» ውስጥ ነው)፣ ከዚያ «ዲሊት አድቨርታይዚንግ አይዲ»። ከዚህ በኋላ መለያውን የሚጠይቅ አፕ የሚያገኘው ዜሮ ብቻ የተደረደረበት ኮድ ነው። አጠገቧ ያለችውን «ሪሴት» እንዳትነኩ፤ እሷ አዲስ ኮድ ትሰጣለች እንጂ አታጠፋም። ስልኩ የሚያድረው እዚያው ቤት ስለሆነ ደላላው አዲሱን ኮድ ከአሮጌው ጋር ማገናኘት አይቸግረውም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጣቸው በእኛ ዓይን ትልቅ ጉድለት ነው።

ዋናው ቀዳዳ ያለው ግን ሎኬሽን ፈቃድ ላይ ነው። ሴቲንግ፣ ሎኬሽን፣ አፕ ፐርሚሽን ገብታችሁ «ሁልጊዜ» የተፈቀደላቸውን እዩ። ባትሪ፣ ጌም፣ ካላንደር ሎኬሽን ምን ያደርግላቸዋል? ዝጉት። ለአየር ሁኔታ አፕ አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ ላይ «ፕሪሳይስ» የሚለውን ማጥፋት ይበቃል፤ ያኔ የሚታየው 3 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚሆን ግምታዊ ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን መሀል ይህ ስፋት ብዙ ሰው ስለሚይዝ ይከልላል። መንዝ ውስጥ ቤቱ ተራርቆ በተሠራበት መንደር ግን እዚያ ስፋት ላይ ስማርት ስልክ የያዘው ጥቂት ሰው ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ጨርሶ መዝጋት ይሻላል።

ቁልፏ ቀድሞ የተሸጠውን መረጃ አትመልስም፤ ቴሌ በማማው በኩል የሚያውቀውንም አትነካም። ስልኩ ፎርማት ከተደረገ መለያው እንደ አዲስ ስለሚፈጠር ድጋሚ አጥፉት።