የፈረንጅ ጥድ እና የዋንዛ ጣውላ፦ ለቤቱም ለጫካውም ሲመዘኑ

ለቁምሳጥን ወይም ለበር ጣውላ ፍለጋ የወጣ ሰው ፊት ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ይቀርባል፤ ነጣ ያለው የፈረንጅ ጥድና ቡናማው ዋንዛ። በመልክ ከሆነ ዋንዛ ያሸንፋል። ለመላጊያ ገር ነው፣ ቀለሙ ያምራል፣ በደንብ ከደረቀም ቅርጹን አይለቅም። ጥያቄው ከየት መጣ የሚለው ነው።

ዋንዛ ከገበሬ ማሳ ሊመጣ ይችላል፤ ይሄ ብዙም አያስከፋም። ከደቡብ ምዕራብ የተፈጥሮ ደን የወጣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና የሐበሻ ጥድን በስም ጠቅሶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ የከለከለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጫካ ቡና ባለበት ዋንዛ ጥላ ነው። አንድ ትልቅ ዋንዛ ሲወድቅ ከሥሩ ያለውን ቡናና ችግኝ ሰባብሮ ይወርዳል፤ ክፍተቱንም ሐረግና አረም ይወርሰዋል። የሚቆረጠው ደግሞ ሁሌም ቀጥ ያለውና ወፍራሙ ስለሆነ ለዘር የሚተርፈው ጎባጣው ነው።

ብክነቱም አለ። ጫካ ውስጥ በሞተር መጋዝ የሚሰነጠቅ ግንድ በእያንዳንዱ ቅድ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ሰጋቱራ ይሆናል። ለ25 ሚሊ ሜትር ጣውላ ሲሰላ ሩብ የሚሆነው እንጨት እዚያው ቀረ ማለት ነው። በመሰንጠቂያ ቤት ባለ ቀጭን ምላጭ ማሽን ቅዱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ኪሳራው ከዘጠኝ አንድ እጅ ነው። በሞተር መጋዝ የተሰነጠቀ ጣውላ ፊቱ ላይ በሚታየው ሻካራ፣ ሞገድ መሰል መስመር ይለያል። ሁለቱን ጫፎች በሜትር ለኩ፤ ውፍረታቸው በ5 ሚሊ ሜትር ከተለያየ ሲላግ የሚተርፋችሁ 20 ሚሊ ሜትር ነው። የማጓጓዣ ፈቃድ ጠይቁ። «ወረቀቱ ሌላ ቦታ ነው» ከተባላችሁ ተዉት።

የፈረንጅ ጥድ እንደ ሙኔሳ ሻሸመኔ ካሉ የተተከሉ ደኖች ስለሚመጣ የተፈጥሮ ጫካውን ያሳርፋል። ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም። ጥቅጥቅ ብሎ ካደገና ካልሳሳ ከሥሩ ሣር አይበቅልም፤ ተዳፋት ላይ በአንድ ጊዜ ተመንጥሮ ግንዱ ቁልቁል ከተጎተተ ደግሞ የመጎተቻው መንገድ በክረምት ቦረቦር ይሆናል። እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ካልተተከለ ቦታው ባዶ ይቀራል።

አያያዙ ጣውላው ላይ ይነበባል። ቅርንጫፉ በጊዜ ያልተገረዘ ዛፍ ጥቁር ክብ ያለበት የሞተ ጉጥ ይሰጣል፤ ሲደርቅ ይወልቅና ቀዳዳ ይተዋል። በጣት ተጫኑት፣ ከተንቀሳቀሰ ለመደርደሪያ አይሆንም። ቀላ ያለ ጠንካራ ጉጥ ግን ችግር የለውም።

ትልቁ ጉድለቱ እርጥብ መሸጡ ነው። ወዲያው ከተሠራ ይጣመማል፣ መገጣጠሚያውም ይከፈታል። ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ እኩል ውፍረት ያለው ደረቅ እንጨት በመካከሉ እያስገባችሁ፣ ጥላ ሥር ደርድሩት። መለያያ እንጨቶቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ካልዋሉ ጣውላው በመካከላቸው ይጎብጣል። ጫፎቹን ቀለም ቀቡ፣ ከላዩም ድንጋይ ጫኑበት። ባለ 25 ሚሊ ሜትሩ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈልጋል፤ በክረምት ከዚያም ይበልጣል።

ለመደርደሪያ፣ ለቁምሳጥንና ለውስጥ በር የፈረንጅ ጥድ ይበቃል። አፈር ለሚነካ ሥራ ግን አትውሰዱት፣ ምስጥ ይጨርሰዋል።