የክሊኒክ የሕክምና መዝገብ፦ ሰርቨሩ ግቢ ውስጥ ይሁን ወይስ ክላውድ ላይ?
የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለጤና መረጃ ጠበቅ ያለ ጥበቃ ያዛል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያለ ክሊኒክ ክላውድ (መዝገቡን በኢንተርኔት በኩል በሌላ ድርጅት ሰርቨር ማስቀመጥ) ከመረጠ፣ ዳታው ኢትዮጵያ ውስጥ ባለ ሰርቨር እንደሚቀመጥ ውሉ ላይ በግልጽ ይስፈር። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ካርድ ክፍሉ ሥራ ያቆማል፤ የወረቀት ቅጽ ከጎን መኖር አለበት።

የግቢው ሰርቨር ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ሸክሙ ግን ሁሉ የክሊኒኩ ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ከሌለ መብራት በድንገት ሲሄድ ዳታቤዙ ሊበላሽ ይችላል። ዲስኩ ካልተመሰጠረ (ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ካልተደረገ) ሌባ ሰርቨሩን ሲወስድ የታካሚውን ምስጢርም ይወስዳል። ባክአፑ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) በየቀኑ ይወሰድ፣ አንዱ ቅጂ ከሕንጻው ውጭ ይቀመጥ፣ በየወሩም መልሶ መጫን ይሞከር፤ ያልተሞከረ ባክአፕ እንደሌለ ይቆጠራል።

ቋሚ የአይቲ ባለሙያ ለሌለው ክሊኒክ አገር ውስጥ ያለው ክላውድ ይሻላል። በሁለቱም ግን ተረኛ ነርሶች በአንድ የይለፍ ቃል ከገቡ፣ የመድኃኒቱን መጠን ማን እንደቀየረው ሎጉ (ማን ምን እንደሠራ ሲስተሙ የሚይዘው መዝገብ) አይናገርም።