በሰው አገር ዳታ፦ ኢ-ሲም ከ9 ወር በኋላ

አውሮፕላኑ መሬት ነክቶ ገና ሳይቆም ሰው ሁሉ ስልኩን ያወጣል። እኔም አወጣለሁ። ድሮ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነበር። የአየር ማረፊያው ነፃ ዋይፋይ አለ፤ ለመግባት ግን ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሬን አስገባለሁ። «ኮድ በቴክስት ልከናል» ይላል። ቴክስቱ የሚመጣው ደግሞ እዚያ አገር በማይሠራው መስመሬ ላይ ነው። የሚቀበለኝ ሰው ውጭ ቆሟል፣ የማርፍበት ቤት አድራሻ ኢሜይሌ ውስጥ ነው፣ እኔ ሻንጣ መቀበያው ጋ ቆሜ የማይመጣ ኮድ እጠብቃለሁ።

ኢ-ሲም የጀመርኩት ይሄ ስለሰለቸኝ ነው። አሁን 9 ወር ሆነኝ። 5 ጉዞ አድርጌበታለሁ፤ አጭሩ 3 ቀን፣ ረጅሙ 26 ቀን። ከ3 ሻጮች ገዝቼ አይቻለሁ። ስማቸውን አላነሳም፤ የጠቀመኝም ያስቸገረኝም ነገር ከሦስቱም ጋ ነበር።

ለማያውቀው በአጭሩ፦ ኢ-ሲም ስልኩ ውስጥ አብሮ የተሠራ ሲም ነው። የሚገባና የሚወጣ ካርድ የለውም። ጥቅሉን በኢንተርኔት ትገዛላችሁ፣ ኪውአር ኮድ ይላክላችኋል፣ ስካን ስታደርጉት መስመሩ ይጫናል። አይፎን ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጡት ኤክስ ኤስ እና ኤክስ አር ጀምሮ አለ። አንድሮይድ ላይ ግን እንደ ሞዴሉም ስልኩ እንደተሸጠበት አገርም ይለያያል፤ ስሙ አንድ የሆነ ስልክ አንዱ አገር ሲሸጥ ኖሮት፣ ሌላው አገር ሲሸጥ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት *#06# ብላችሁ ደውሉ። ኢአይዲ የሚል ባለ 32 አሃዝ ቁጥር ከመጣ ስልካችሁ ይቀበላል ማለት ነው። ስልኩ ለአንድ ኦፕሬተር ብቻ የተቆለፈ ከሆነ ግን ምንም አይረዳችሁም።

ሲሠራ ደስ ይላል። ቤቴ ቁጭ ብዬ በዋይፋይ እጭነዋለሁ፣ አጠፋዋለሁ፣ ስደርስ አበራዋለሁ። ከመቀመጫዬ ሳልነሳ ቴሌግራሙ መንጫጫት ይጀምራል። ሱቅ ፍለጋ የለ፣ ፓስፖርት ይዞ ወረፋ የለ፣ የቤት ሲሜ እንዳይጠፋ በወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ የለ።

ብዙ ሰው የሚደናገርበት አንድ ቦታ አለ። ኢ-ሲሙ እንዲሠራ የራሱ ሮሚንግ (መስመሩ ከአገሩ ውጭ በሌላ ኦፕሬተር ኔትወርክ እንዲሠራ የሚፈቅደው ምርጫ) መብራት አለበት። ለዓመታት «ውጭ አገር ስትሄዱ ሮሚንግ አጥፉ» ስንባል ኖረን፣ አሁን አብሩ ስንባል እጃችን ይፈራል። እኔም የመጀመሪያው ቀን ፈርቼ አጥፍቼው፣ ለምን እንደማይሠራ ሳይገባኝ ግማሽ ቀን ያለ ዳታ ዞርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። የጉዞ ኢ-ሲም ብዙውን ጊዜ የሌላ አገር መስመር ነው። እሱ ራሱ እዚያ አገር እንግዳ ነው፤ እንግዳ ሆኖ ኔትወርክ የሚይዘው በሮሚንግ ነው። ሒሳቡ ግን ቀድሞ ተከፍሏል። መጥፋት ያለበት የቤት መስመራችሁ የዳታ ሮሚንግ ነው። ሁለቱ መስመሮች ሰቲንግ ውስጥ ለየብቻ ማብሪያና ማጥፊያ አላቸው። እዚያው ገጽ ላይ ዳታው ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው በራሱ እንዲቀያየር የሚፈቅድ ምርጫ ካገኛችሁ እሱንም አጥፉት፤ አለበለዚያ ስልኩ ሳትነግሩት ወደ ቤት መስመር ሊሄድ ይችላል።

ይሄ እንግድነቱ ሌላም መልክ አለው። ዳታችሁ ያላችሁበትን አገር አንቴና ቢይዝም፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ወደ መስመሩ አገር ሄዶ ከዚያ ነው ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው። ስለዚህ ድረ ገጾች ሌላ አገር ያላችሁ ይመስላቸዋል። ሮም ሆኜ ማስታወቂያው ሁሉ በማላውቀው ቋንቋ ይመጣልኝ ነበር። እሱ ምንም አይደል። የሚከፋው የቪዲዮ ጥሪ ነው። ፋይል ለማውረድ ፈጣን ሆኖ፣ ድምፅ ግን ዘግይቶ ይደርሳል፤ እኔ ተናግሬ ስጨርስ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ገና መስማት ይጀምራል፣ ከዚያ ሁለታችንም እኩል እንናገራለን። የፍጥነት መለኪያ አፕ ላይ የሚታየው ትልቅ ቁጥር ይሄን አይናገርም። ሥራችሁ በጥሪ ከሆነ ይሄን አስቡበት።

በጣም የተማርኩት ከሊዮን ወደ ጄኔቭ በባቡር ስሄድ ነው። «አውሮፓ» የሚል ጥቅል ገዝቼ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ያለ እንከን ሠራ። ድንበሩን ስናልፍ ስክሪኑ ላይ የሲግናሉ መስመሮች ሙሉ ናቸው፣ ዳታ ግን የለም። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ኤርፕሌን ሞድ አስገብቼ አወጣሁ። ምንም። በኋላ የጥቅሉን የአገር ዝርዝር ሳየው ስዊዘርላንድ የለችበትም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁን 15 ቀን 2017 ጀምሮ የአባል አገሮች ደንበኞች ሌላው አባል አገር ሲሄዱ ተጨማሪ የሮሚንግ ክፍያ እንዳይጠየቁ አድርጓል። ስዊዘርላንድ ግን የኅብረቱ አባል ስላልሆነች ደንቡ አይመለከታትም። አንዳንዱ ሻጭ ያካትታታል፣ አንዳንዱ አያካትትም። የስብሰባውን አድራሻ ስክሪንሹት ስላላደረግኩት ዋይፋይ እስካገኝ 40 ደቂቃ ባከነ። አሁን የጥቅል ስም አላምንም፤ አገሮቹን አንድ በአንድ አነባለሁ።

ድንበር ላይ ተቃራኒውም ያጋጥማል። ስመለስ ፈረንሳይ ውስጥ ገብቼ እንኳ ስልኬ የስዊዘርላንዱን አንቴና አልለቅም አለ። መፍትሔው ኔትወርኩን በራሱ እንዲመርጥ ከመተው በእጅ መምረጥ ነው። ቀላል ነገር ነው፣ ግን እስኪያውቁት ድረስ ያንገበግባል።

የሠራሁትን ስህተት ሳልናገር አላልፍም። ሦስተኛው ጉዞ ላይ ኔትወርኩ አልንቀሳቀስ ሲለኝ ኢ-ሲሙን ሰረዝኩትና በዚያው ኪውአር ኮድ ልጭነው ሞከርኩ። ኮዱ ከዚህ በፊት ተጠቅመውበታል አለኝ። ብዙዎቹ ኮዶች የሚሠሩት አንዴ ብቻ ነው። ሻጩ አዲስ ኮድ የላከልኝ በማግስቱ ነበር። ማጥፋትና መሰረዝ ይለያያሉ። ቢቸግራችሁም አጥፍታችሁ አብሩ፣ ኔትወርክ በእጅ ምረጡ፣ ኤፒኤን የሚባለውን የዳታ መግቢያ ሰቲንግ ሻጩ ከላከው ጋር አመሳክሩ። ጉዞው እስኪያልቅ ድረስ ግን አትሰርዙት።

ዳታው ራሱ ከጠበቅኩት በላይ ይበረክታል። ካርታና ጽሑፍ ብዙ አይበላም፤ የከተማውን ካርታ ቀድማችሁ ካወረዳችሁ ደግሞ ጭራሽ ትንሽ ነው። የሚበላው ሳናየው የሚሠራው ነው። አንድ ሌሊት የማደሪያዬ ዋይፋይ ሲደካክም ስልኩ ወደ ዳታ ዞሮ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ሲጭን አደረ። ከ5 ጊጋው ጠዋት የቀረኝ ከ2 ጊጋ በታች ነበር። ከዚያ ወዲህ የፎቶ ባክአፕን በዋይፋይ ብቻ አድርጌያለሁ፣ ዳታ ቆጣቢውንም አበራለሁ። «ገደብ የለሽ» የሚለውንም ሞክሬ ነበር። ገደብ አለው፤ የቀኑ ድርሻ ሲያልቅ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ጽሑፍ ይመጣል፣ ፎቶ አይከፈትም። ሆትስፖት (የስልኩን ዳታ ለሌላ መሣሪያ ማካፈል) የማይፈቅዱ ጥቅሎችም አሉ፤ ላፕቶፕ ይዛችሁ የምትሄዱ ቀድማችሁ ጠይቁ። ቀን መቁጠር የሚጀምረው ሲጫን ነው ወይስ መጀመሪያ ኔትወርክ ሲይዝ የሚለውንም እንዲሁ።

አሁንም ያልተፈታልኝ የቁጥር ነገር ነው። እኔ የገዛኋቸው ሁሉ ዳታ ብቻ ናቸው፤ ስልክ ቁጥር የላቸውም። ዋትሳፕና ቴሌግራም በድሮው ቁጥር ይቀጥላሉ፣ እዚያ ላይ ችግር የለም። ግን የታክሲ አፕ ለመመዝገብ፣ ቢሮ ለመደወል፣ ቁጥር ያስፈልጋል። ባንክ ደግሞ ኮድ የሚልከው ወደ ቤት መስመር ነው። አንድ ጊዜ የቤት መስመሬን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼው፣ ትኬት ልገዛ ክፍያው የመጨረሻ ገጽ ላይ ደርሼ ኮዱ አልመጣም። ተመልሼ እስክመጣ ዋጋው ጨመረ። አሁን የቤት መስመሬን አበርቼ ዳታ ሮሚንጉን ብቻ አጠፋለሁ። ቴክስት ለመቀበል ሮሚንግ መፈቀድ እንዳለበትና እንደሌለበት፣ ክፍያም ካለው፣ ከመነሳቴ በፊት ኦፕሬተሬን እጠይቃለሁ። ሁለት መስመር አብሮ ሲበራ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል፤ ፓወር ባንክ እይዛለሁ።

4 ሆነን የተጓዝን ጊዜ ኢ-ሲም ትተን የኪስ ዋይፋይ፣ ማለትም ለሁላችንም ዋይፋይ የሚያድል ትንሽ መሣሪያ፣ ይዘን ነበር። ለቡድን ርካሽ ነው። ግን የያዘው ሰው ራቅ ካለ ሌሎቻችን ባዶ እንቀራለን፤ ቻርጁም ከቀትር በኋላ ያልቃል።

አንድ አገር ከ3 ሳምንት በላይ ለሚቀመጥ የአገሩን ሲም እመርጥለታለሁ፤ ቁጥርም አለው፣ ጥሪውም አይዘገይም። ለአጭር ጉዞና ብዙ አገር ለሚያቋርጥ ግን ኢ-ሲም ነው።

ባለፈው ወር እናቴ ስትጓዝ ስልኳ ላይ ጫንኩላት። ሁለቱን መስመሮች «ቤት» እና «መንገድ» ብዬ ሰየምኳቸው። «ስደርስ የቱን ነው የምነካው?» አለችኝ። «መንገድ የሚለውን ብቻ» አልኳት። ትንሽ ወረቀት ላይ ጻፍኩላት፣ ፓስፖርቷ ውስጥ አስገባችው። ማታ ስልኬ ጠራ፤ በቪዲዮ ነው። ከኋላዋ የሻንጣው ቀበቶ ይዞራል። «ሻንጣዬ ገና አልመጣም፣ እዚሁ ቆይ» አለችኝ። እስኪመጣ ድረስ አብሬያት ጠበቅኩ።