ላይቭ-ቢልድ ወይስ ኪዩቢክ? የራስን የሊኑክስ ላይቭ ምስል ስለማዘጋጀት

የራሳችንን የሊኑክስ ላይቭ ምስል (ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫን ከዩኤስቢ የሚነሣ ሥርዓት የያዘ ፋይል) ለማዘጋጀት ስንነሣ፣ ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይቭ-ቢልድ በሚባል መሣሪያ ከመሠረቱ መገንባት፣ ወይም የሌላውን የሊኑክስ ዓይነት የኡቡንቱን የተዘጋጀ አይኤስኦ (የምስል ፋይል) ወስደን ኪዩቢክ በሚባል ፕሮግራም ማሻሻል እንችላለን።

ኪዩቢክ ለጀማሪ ይቀላል። አይኤስኦውን ፈትቶ ተርሚናል (ትእዛዝ የምንጽፍበት መስኮት) ይከፍትልናል፤ በዚያ የማንፈልገውን ፕሮግራም አጥፍተን የሚያስፈልገንን እንጭናለን። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሠራ ምስል እኔም እሱኑ እመርጣለሁ። ሆኖም የሠራነውን በማስታወሻ ካልያዝን፣ አዲስ የኡቡንቱ እትም ሲወጣ ሥራውን እንደገና ከሀ ለመጀመር እንገደዳለን።

ላይቭ-ቢልድ ግን ሁሉንም በፋይል ያስጽፈናል፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። በጥቅሎች (ለመጫን በተዘጋጁ የሶፍትዌር ፋይሎች) ዝርዝር ፋይል ውስጥ «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» የሚለውን ጥቅል በአንድ መስመር ብንጨምር፣ ምስሉ የአቢሲኒካን የግእዝ ፊደል (ፎንት) ይዞ ይወጣል፤ ያለዚህ ዓይነት ፊደል አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊታይ ይችላል፣ ይህም ለተጠቃሚው ቀላል ጉዳት አይደለም። የዝግጅት ፋይሎቹን በጊት (የፋይል ለውጦችን መዝግቦ በሚይዝ ፕሮግራም) ካስቀመጥናቸው፣ ባልደረባችንም «ኤልቢ ቢልድ» በሚለው ትእዛዝ ከእነርሱ ምስሉን መገንባት ይችላል። የመጀመሪያው ግንባታ ብዙ ጥቅል ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የቀድሞውን ግንባታ በ«ኤልቢ ክሊን» ትእዛዝ አጽድተን ስንደግመው ግን የወረዱት ጥቅሎች በካሽ (በጊዜያዊ ማከማቻ) ስለሚቆዩ ሥራው ይፈጥናል።